ማኅተም ያለበት ቮላኖ፤ ስለ ሞተር ዕቃ ደኅንነት ደንብ አጭር ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ክበቦች ሁሉ ለመታሰቢያው መጽሔት አንድ አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ በተነገረ ጊዜ፣ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ስለ ምን እንጻፍ በማለት ሁለት ሳምንት ያህል ተከራክረናል። ከመካከላችን ስለ ዐድዋ ድል መጻፍ የፈለገ ነበር፤ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የፈለገም ነበር። ስለ እነዚህ ግን ከእኛ እጅግ የበለጡ ሊቃውንት ጽፈዋልና፣ በመጨረሻ ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣና ስንመለስ በየቀኑ የምናየውን ነገር መረጥን፤ ይኸውም የመኪና ሞተር ዕቃ ነው። አንባቢ «ይህ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ይለን ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ እንደዚሁ ብለን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ በአንድ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ነው። የሱቁ ባለቤት ዝናብ ሲመጣ ከበር ውጪ የተደረደሩትን ዕቃዎች በሸራ ይሸፍናሉ፤ ሸራውንም ነፋስ እንዳይወስደው በጠርዙ ላይ አንድ ከባድ ክብ ብረት ይጭኑበታል። ብረቱ ቮላኖ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሸራውን ለማንሣት ሲያግዝ፣ በብረቱ ላይ ሦስት የላቲን ፊደሎች፣ 1.1 የሚል ቍጥር፣ እንዲሁም ወርና ዓመት ተቀርጾ አየ። ፊደሎቹ ኤስ፣ ኤፍ እና አይ ነበሩ። «ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የፋብሪካ ቍጥር ይሆናላ፤ ከዱባይ ከመጣ ሞተር ጋር የመጣ ነው። ለማንም መኪና ልክ አልሆን ብሎ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ሸራ ጠባቂ አድርጌዋለሁ» ብለው ሳቁ።

የፋብሪካ ቍጥር ግን አልነበረም። ጽሑፉ ለእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ቮላኖ ሊያሟላው የሚገባው ልክ መለያ ነው። ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ ፍለጋውም አስቀድሞ ወደ አሜሪካ የእሽቅድምድም ሜዳ፣ ከዚያም ዞሮ ወደ ራሳችን መርካቶ አደረሰን።

አስቀድመን ቮላኖ ምን እንደ ሆነ እንናገር። ቮላኖ በሞተሩ ጀርባ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የታሰረ ከባድ ክብ ብረት ነው። ፒስተኖቹ በየተራ የሚሰጡትን ግፊት ተቀብሎ ሞተሩ ሳይንገጫገጭ እንዲዞር ያደርጋል፤ ፍሪሲዮኑም የሚያያዘው በእርሱ ፊት ላይ ነው። የሚዞር ነገር ሁሉ አካሉ ወደ ውጪ ለመበተን ይታገላል። በፊዚክስ ክፍል እንደ ተማርነው፣ የመዞሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቮላኖ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር፣ ጠርዙ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሮጥ በደብተራችን አስልተን አግኝተናል። ብረቱ በቅርጽ ማፍሰሻ የተሠራ ተራ ብረት ከሆነና ስንጥቅ ከገባበት፣ ወይም በፍሪሲዮኑ ፍትጊያ እየደጋገመ ከጋለ፣ የሚሰበረው ቀስ ብሎ አይደለም፤ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። የሹፌሩ እግር ደግሞ ያለው እዚያው አጠገብ ነው።

ድራግ ሬስ የሚባለው ውድድር ይህን አደጋ ከሁሉ በፊት ያየው ከሁሉ ይልቅ ሞተርን የሚያስጨንቅ ስለ ሆነ ነው። ውድድሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው በቀጥተኛ መንገድ ላይ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወጣቶች አሮጌ መኪና እየፈቱና እየገጠሙ፣ በተተዉ የአውሮፕላን ማረፊያዎችና በጎዳና ላይ ይወዳደሩ ነበር። ዋሊ ፓርክስ የተባለ ሰው በ1951 እ.አ.አ. ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበርን ባቋቋመ ጊዜ፣ ዓላማው እነዚህን ወጣቶች ከጎዳና አንሥቶ ደንብ ወዳለው ሜዳ ማስገባት ነበር። የእነዚያ ልጆች ዕቃ ከየት ይመጣ ነበር ቢባል፣ ከመኪና መቃብር ነው። በዚህ ነገራቸው ከምናለሽ ተራ ሰዎች ጋር ዝምድና ያላቸው ይመስለናል።

ሞተሮቹ እየበረቱ ሲሄዱ ግን ለቤተ ሰብ መኪና የተሠራው ቮላኖና ፍሪሲዮን ኀይሉን መቻል አቃተው። ፍንጣሪው የመኪናውን ወለል ቀዶ ወጥቶ ሹፌሩንም ተመልካቹንም ያገኝ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በመጀመሪያ ያገኙት መላ ጋሻ ነው፤ ፍሪሲዮኑን በወፍራም ብረት ዙሪያውን ማልበስ። ጋሻው ግን የፈነዳውን ያግዳል እንጂ እንዳይፈነዳ አያደርግም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ የማይረሳ አንድ ቀን አለ። ማርች 8 ቀን 1970 እ.አ.አ. በካሊፎርኒያ ላየንስ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ በዘመኑ ስሙ የገነነው ዶን ጋርሊትስ ለውድድር ተሰለፈ። የዚያን ጊዜው መኪና ሞተሩ ከፊት፣ ሹፌሩ ከኋላ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው በሹፌሩ ሁለት እግሮች መካከል የሚያልፍ ነበር። መኪናው ሊነሣ ሲል ካምቢዮው ፈነዳ። መኪናው ከመካከሉ ለሁለት ተቆረጠ፤ የጋርሊትስ ቀኝ እግር ጫፍ ተቆርጦ ቀረ፤ አንድ ተመልካችም ክፉኛ ቆሰለ። ጋርሊትስ ከዚህ በኋላ ውድድሩን ይተዋል ተብሎ ነበር። እርሱ ግን ሞተሩን ከሹፌሩ ኋላ ያደረገ መኪና አሠርቶ በዓመቱ በ1971 ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በፖሞናም አሸነፈ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተሩን ከፊት የሚያደርግ የዚህ ማዕረግ ተወዳዳሪ አልቀረም ማለት ይቻላል። ይህን ያዘዘው ደንብ አልነበረም፤ ሁሉም በዓይኑ ስላየው ነው።

ሁሉ ነገር ግን በዓይን አይታይም። ሁለት ቮላኖ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የትኛው ስንጥቅ እንዳለበት ማን ያውቃል? የማኅተሙ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። በ1963 እ.አ.አ. የእሽቅድምድም ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር መሥርተው ለዕቃዎቻቸው የጋራ ልክ ማውጣት ጀመሩ፤ ይህ ሥራ በ1978 ራሱን ችሎ ኤስ ኤፍ አይ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ሆነ። ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቍጥር ያለው ልክ አለው፤ 1.1 የቮላኖና የፍሪሲዮን ነው፤ 6.1 ፍሪሲዮኑን ለሚሸፍነው ቤት፣ 18.1 ደግሞ በክራንክ ሻፍቱ ፊት ላይ ሆኖ መንቀጥቀጡን ለሚያበርደው ክብ ብረት ነው። ሞተሩ ከታች ቢፈነዳ ዘይቱንና ስብርባሪውን ይዞ የሚያስቀር ትልቅ መያዣም የራሱ ቍጥር አለው።

እኛን ከሁሉ ያስገረመን የሥራው አከፋፈል ነው። ድርጅቱ ልኩን ያወጣል እንጂ ዕቃ አይሠራም። ሠሪው በልኩ መሠረት አስፈትኖ ማኅተሙን ከነቀኑ ያደርግበታል፤ ለዚያም ኀላፊው ራሱ ነው። አስገዳጁ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ይኸውም የውድድሩ ማኅበር። መኪና ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት አንድ መርማሪ ጎንበስ ብሎ ማኅተሙን ይፈልጋል፤ ማኅተም የለም ከተባለ ውድድር የለም። በብሔራዊው ማኅበር ደንብ፣ ሩብ ማይሉን ከ11.5 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ መኪና 1.1 የተጻፈበት ቮላኖ ያስፈልገዋል፤ ከ11 ሴኮንድ በታች የሚሮጠው ደግሞ 18.1 ይጨመርበታል። የወንበር ቀበቶ እንኳ ከተሠራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ አዲስ ቢመስልም፣ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። የላይኛው ማዕረግ ሞተሮች ናይትሮ ሜቴን በሚባል ነዳጅ የሚሠሩ ሲሆኑ ከ10,000 የፈረስ ጕልበት በላይ ያወጣሉ። ጁን 21 ቀን 2008 እ.አ.አ. ስኮት ካሊታ በኒው ጀርዚ ሞተሩ ፈንድቶበት ሞተ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማኅበሩ ለሁለቱ ፈጣን ማዕረጎች ርቀቱን ከ402 ሜትር ወደ 305 ሜትር አሳጠረ። በ2024 ደግሞ የ75 ዓመቱ ጆን ፎርስ በቨርጂኒያ እንዲሁ ሞተሩ ፈንድቶበት በጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በዚያ ሜዳ አዲስ ደንብ ሲነበብ ከኋላው ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ስም አለ።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሞተር መኪና ሳይሆን የእንፋሎት መዳመጫ ነው። ይህንንም በ1896 ዓ.ም. ገደማ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያስመጣው ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነው፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራው። ይህ ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በማርች 1905 እ.አ.አ.፣ በአሜሪካ ብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ምክንያት የማሳቹሴትስ ግዛት በ1907 የቦይለር ደንብ አወጣ፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም በ1915 ለአገር ሁሉ የሚሆን ደንብ አሳተመ። በሞተር ዕቃ ላይ ማኅተም ማድረግ ከመኪና ይልቅ ከቦይለር የጀመረ ነገር ነው።

አውቶሞቢል የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መንገድ በሌለበት በረሓና ተራራ መኪናውን አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ መኪናም መለዋወጫም እንደ ልብ መምጣት ጀመረ። ነገር ግን መኪናን ወደ ሕዝቡ አፍ ያስገባው የጣልያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት ለጦሩ ብዙ መኪና አምጥቶ መንገድ ሠራ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ የነበረውንም ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የአገሬው ሰው ገበያ ብሎ ለየው። ያ ገበያ ነው ዛሬ መርካቶ የምንለው። ጣልያን ሄደ፤ የጣልያን ቃል ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ስፖኪዮ፣ ቮላኖም ራሱ የዚያ ዘመን ቅሬታ ናቸው። መካኒኮቻችን የጠላትን መሣሪያ ከነስሙ ማርከው የራሳቸው አደረጉት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ያለው የመርካቶ ታሪክ የጥበብ ታሪክ ነው። ኤንትሬ የምንለው የፊያት ጭነት መኪና በአገራችን ተራሮች ላይ ለብዙ ዓሠርት ዓመታት የኖረው፣ ፋብሪካው ረስቶት ሳለ መርካቶ ስላልረሳው ነው። የአንዱን ሞተር ለሌላው፣ የተሰበረውን በይዶ፣ የጎደለውን ቀርጾ ማሠራት እዚህ ተራ ነገር ነው። ስፖኪዮ የተሰረቀበት ሰው ሶማሌ ተራ ሄዶ የራሱን ስፖኪዮ መልሶ ይገዛል የሚባል ቀልድም አለ፤ እኛ ግን የአብዛኞቹን ነጋዴዎች ሐቀኛነት ስለምናውቅ ይህን ቀልድ ብዙም አንወደውም። ከመካከላችን ሦስቱ የመለዋወጫ ነጋዴ ልጆች ናቸው።

ሕጉስ? በአገራችን መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍበታል። ቦሎ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ማኅተም ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681/2002 ይህን ምርመራ በሥርዓት አስቀምጦታል። በምርመራው ጊዜ የፍሬኑ ኀይል፣ የመብራቱ አቅጣጫ፣ የጭሱ መጠን ይታያል። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ማኅተም የመኪናው እንጂ የዕቃው አይደለም። ፍሬኑ በዚያች ቀን መያዙን ይመሰክራል፤ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ስንት ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደ ቆየ አይናገርም። በአሜሪካ ሜዳ መርማሪው የሚያነበው ቀን ዕቃው ላይ ነው፤ የእኛ መርማሪ የሚያነበው ቀን ግን መስተዋት ላይ ነው።

በክበባችን ውስጥ ትልቅ ክርክር የተነሣው በዚህ ነጥብ ላይ ነበር። ከነጋዴ ልጆች አንዱ ተነሥቶ፣ «ዕቃ ሁሉ ማኅተምና ቀን ይኑረው ከተባለ የአባቴ ሱቅ ነገ ይዘጋል፤ የታክሲ ሹፌሩም አዲስ ዕቃ በምን አቅሙ ይገዛል? አሜሪካኖቹ የሚሮጡት ለጨዋታ ነው፤ እኛ የምንነዳው ለእንጀራ ነው» አለ። ብዙዎቻችን አጨበጨብንለት። ከዚያ አንዲት እኅታችን ስለ አጎቷ ተናገረች። አጎቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ኦሪጂናል ነው ተብሎ የተሸጠላቸው የፍሬን ቱቦ በተገጠመ በሁለተኛው ወር ቍልቍለት ላይ ተቀደደ። መኪናውን ገደል ከሚገባ ብለው ከተራራው ግንብ ጋር አላተሙት፤ ነፍሳቸው ተረፈች፤ መኪናው ግን አልተረፈም፤ የወሰዱበት ብድር ገና ተከፍሎ አላለቀም። በአደጋው መዝገብ ላይ የተጻፈው «የአሽከርካሪ ጥፋት» የሚል ነው። ቱቦውን ገልብጠው ቢያዩት አንድም ፊደል፣ አንድም ቀን አልነበረበትም። «ቱቦው ዕድሜውን ቢናገር ኖሮ አጎቴ መልስ ይኖራቸው ነበር» ብላ ተቀመጠች። በዚያ ቀን ማንም ተጨማሪ አልተናገረም።

እኛ በኋላ ስናስበው፣ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ሆኖ አገኘነው፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የሚጋጩ አይመስሉንም። በእሽቅድምድም ሜዳም ያገለገለ ዕቃ ይሸጣል። ጊዜው ያለፈበት ቀበቶ ወደ ሠሪው ተመልሶ ጨርቁ ተቀይሮ አዲስ ቀን ይጻፍበታል፤ የፍሪሲዮን ቤትም እንደ ገና ተመርምሮ ይመለሳል። ማኅተም ማለት አሮጌ ዕቃ ይጣል ማለት ሳይሆን አሮጌነቱ ይታወቅ ማለት ነው። ያገለገለ ዕቃ በያገለገለ ዋጋ ቢሸጥ የታክሲ ሹፌሩ የሚጎዳበት የለም፤ የሚጎዳው ያገለገለውን ቀብቶ በአዲስ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ብቻ ነው። ደግሞም ሁሉን ዕቃ በአንድ ቀን ማኅተም ይኑረው ማለት አያስፈልግም። አሜሪካኖቹ የጀመሩት ሲሰበር ሰው ከሚገድለው ዕቃ ነው። የእኛ መኪና በደቂቃ 6,000 ጊዜ እምብዛም አይዞርም፤ ስለዚህ በእኛ ዘንድ መጀመሪያው ቮላኖ ሳይሆን የፍሬን ቱቦ፣ የፍሬን ሸራና የመሪ ጫፍ ይመስለናል።

ጉዳዩ ወደ ፊት የሚቀል አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ፒስተንም ካንዴላም የለም፤ ፍሬንና መሪ ግን አለ። አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖችም በአንድ ጀምበር አይጠፉም፤ ባለቤቶቻቸው እያደሱ ይነዷቸዋል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ገና ብዙ ዓመት ሥራ አለው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ወደዚያ ሱቅ ተመልሰን ለባለቤቱ የቮላኖውን ነገር ነገርናቸው። ስለ ጋርሊትስ እግር ስናወራላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አድርገው ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ቀኑን እንድናነብላቸው አደረጉና በወረቀት ላይ ጻፉት። «እኔ ሱቅ ውስጥ ልደቱን የሚያውቅ ዕቃ ይኸ ብቻ ነው ማለት ነው» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ስናልፍ ቮላኖው በቤንዚን ታጥቦ ከመስተዋቱ ኋላ ከፍ ብሎ ተቀምጦ አየነው፤ ዋጋውንም ብንጠይቅ ከፊተኛው እጥፍ ሆኗል። ሸራውን አሁን የያዘው አሮጌ ባትሪ ነው።